የመውጫ ወረቀት

« እስክሪብቶሽ የታለ? » አሉ ጋሽ ቀስታ።

እስክሪብቶው በስምሪት ክፍሉ መስኮት ተዘርግቶላቸው ነበር። ከግራ ጉንጫቸው አንድ ስንዝር አይርቅም። ስምሪት ኃላፊዋ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ሽማግሌው ሹፌር ፊታቸው የተቀመጠውን የመውጫ ወረቀት እያዩ፣ ቀኝ እጃቸውን በመስኮቱ ደፍ ላይ ወዲያና ወዲህ እያንሸራተቱ ይፈልጋሉ። ቀልድ መስሏት ፊታቸውን አየች፤ የቀልድ ምልክት የለበትም። እስክሪብቶውን ቀስ አድርጋ ወደ ቀኝ አመጣችው። አፍንጫቸው ፊት ሲደርስ « አሃ፣ እዚህ ነው ለካ » ብለው ተቀበሏትና ፈረሙ። ፊርማቸው እንደ ወትሮው ያማረ ነበር፤ የተሰመረለትን መስመር ግን ለቆ ወጥቷል።

የመውጫ ወረቀት ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፤ የሹፌሩንና የስምሪት ኃላፊዋን። ሁለቱ ካልተሟሉ የበሩ ዘበኛ ብረቱን አያነሣም። ሁልጊዜ ሽማግሌው ከፈረሙ በኋላ እሷ ትቀበልና ቆማ እንዳለች ትፈርማለች። ዛሬ ግን ወረቀቱን ሳበችና በመዳፏ ሸፈነችው።

« ማኅተም ላድርግበትና እልክልዎታለሁ » አለች። ማኅተሙ አጠገቧ ነበር።

« ቶሎ በይ፣ ሰው ተሳፍሯል። »

ሲሄዱ በግራ በኩል የቆመውን ቅርጫት በእግራቸው ገጩት። ቅርጫቱ ተንከባሎ ግድግዳ ሥር ቆመ። ዞረው አላዩትም።

ጋሽ ቀስታ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ረዳቶች ናቸው። ተሳፋሪ ሲቸኩል፣ ጉዞ ረዘመ ብሎ ሲያጉረመርም፣ « ቀስታ ነው የሚያደርሰው » ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቢለምኗቸውም ቢሰድቧቸውም እግራቸው ነዳጁን አይጫንም። ሠላሳ አራት ዓመት ነድተው ሰው አልገጩም። አዳዲስ ሹፌሮች ሥራ ሲጀምሩ ሁለት ሳምንት ከጎናቸው ተቀምጠው እንዲሄዱ ይደረጋል፤ ከእሳቸው ጋር ሁለት ሳምንት የተቀመጠ ሰው ወይ ትዕግሥት ይማራል ወይ ሥራውን ይለቃል ይባላል።

እሷን ደግሞ ጭምቷ ይሏታል። ነገር በሆዷ የሚያድር ሴት ናት። ሁለት ሹፌሮች አንድ መስመር ይገባኛል ብለው መስኮቷ ላይ ሲጨቃጨቁ ሁለቱም እስኪደክማቸው ትጠብቅና ወረቀቱን ለተረኛው ትሰጣለች። በመናኸሪያው ውስጥ ሐሜት ሳይቀምስ የቀረ ጆሮ ቢኖር የእሷ ነው፤ ቀምሶም ከሆነ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ይህን ጠባይ ሰው ሲያመሰግንላት ደስ ይላት ነበር።

አባቷም የዚሁ መናኸሪያ ሹፌር ነበር። እሷ አሥራ አምስት ዓመቷ ሳለች በሕመም ሲሞት፣ በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ቀስታ ወደ ቤታቸው መጥተው ትንሽ፣ ጠርዙ የተላላጠ መጽሐፍ ቅዱስ ሰጧት። « አባት ሲሞት ምክሩም አብሮ ይሄዳል » አሏት። « እኔ መካሪ አይደለሁም፤ መንዳት ነው የማውቀው። እዚህ ውስጥ ግን አንድ ጠቢብ ለልጁ የሚናገረው አለ። ሠላሳ አንድ ምዕራፍ ነው። የወሩን ቀን ቁጠሪና በየቀኑ አንድ አንብቢ፤ ወሩ ሲያጥርብሽ የተረፈውን ደርበሽ አንብቢው። » ያን ጊዜ ከሐዘኗ ሌላ የምትይዘው ነገር ስላልነበራት ያዘችው። ያ ሁሉ ከሆነ ሃያ ሦስት ዓመት አለፈው። አሁንም ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ፊቷን ታጥባ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የቀኑን ምዕራፍ ታነባለች።

የዛሬው ሃያ ሰባተኛው ነበር። ሲነጋጋ ያነበበችው ነገር ቁርስ እንዳልወረደለት ሰው ደረቷ ላይ ቆሞባታል፦ ታፍኖ ከሚቀር ፍቅር ይልቅ ፊት ለፊት የሚነገር ተግሣጽ እንደሚሻል፣ ወዳጅ የሚያቆስለው ቁስል ሊታመን እንደሚችል። እነዚህን ቃላት በየወሩ አንብባቸዋለች። ዛሬ ያስተዋለችው ሌላ ነገር ነው። መጽሐፉ በእርሳስ መስመር የተሞላ ነው፤ አፉን የሚጠብቅ፣ ከንፈሩን የሚሰበስብ፣ ዝም ሲል ጠቢብ የሚመስል፣ ይህ ሁሉ ተሰምሮበታል። አንዳንዱ ሁለት ጊዜ። የዛሬዎቹ ሁለት መስመሮች ግን እንደ ታተሙ ንጹሕ ናቸው። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን እርሳሷ እዚያ ጋ አልቆመም። ለካ የምትፈልገውን ብቻ ስታሰምር ኖራለች።

ደግሞም ዛሬ የመጣ ነገር አልነበረም። ከሁለት ወር በፊት በኮሪደሩ በግራቸው በኩል አልፋ ሰላም ስትላቸው አልመለሱላትም፤ ተቀይመውኛል ብላ ሳምንት ሙሉ ስትጨነቅ ቆየች። ከዚያ የእሳቸው ረዳት ከአውቶቡሱ በር ተነሥቶ ከሹፌሩ መቀመጫ ጀርባ ቆሞ መሄድ ጀመረ፤ ተሳፋሪ ለማውረድ ሮጦ ይመለሳል። ትናንት ወደ መናኸሪያው ሲገቡ የግራውን ስፖኪዮ መስተዋት ከግቢው በር ዓምድ ጋር አላተሙት። ዘበኛውን ተቆጡ። ሠላሳ አራት ዓመት በገቡበት በር።

ይህን ሁሉ አይታለች። ስታይም ለራሷ የምትለው አላጣችም፤ ረዳቱ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ሥራ አስኪያጅ አለ፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።

ስልኩን አነሣችና ጋራዥ ደወለች። የጋራዡ ኃላፊ አጭርና ደልደል ያለ ሰው ነው፤ ብሎን ይሉታል።

« የጋሼ አውቶቡስ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ፍሬኑን አንዴ እይልኝ። »

« ትናንት አየሁት እኮ። ከእኔ ጉልበት የሱ ፍሬን ይሻላል። »

« ድጋሚ እይልኝ። ቀስ ብለህ እይ። »

« ፍሬኑ ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው? »

« ፍሬኑ ነው። »

« እሺ። ግን ስሚ፣ እኔ ብሎን ነኝ እንጂ ክዳን አይደለሁም። »

ቀጥላ ለተጠባባቂው ሹፌር ደወለች። ቤቱ ሩቅ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት አልደርስም አላት። ተሳፋሪው ይቆይ፣ ለጋሼ አውቶቡሱ ተበላሽቷል ይባል፣ ዛሬን አርፈው ይዋሉ። ለነገ ነገ ያውቃል። ዕቅዱን በልቧ ስትጨርስ እፎይ ያለች መሰላት። ግን የእፎይታው ጣዕም የምታውቀው ነበር፤ ዝም ባለች ቁጥር የሚመጣ፣ ወዲያው የሚያልፍ።

የመውጫው ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ተኩል፣ ሆነ፤ አለፈ። ሃምሳ ምናምን ሰው መስኮት እየከፈተ አንገቱን ያወጣል። አንዲት ሴትዮ መጥታ መስኮቷን አንኳኳች። እኅቴ ልትወልድ ነው፤ ከእኔ በቀር ሰው የላትም አለች። ጭምቷ « ትንሽ ይታገሡን፣ የሚስተካከል ነገር አለ » ስትላት ሴትዮዋ ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ « እውነት ነው፣ መንገድ ላይ ከሚያስቀረን እዚሁ ይስተካከል » ብላ ሄደች። እንዲህ ማመኗ ከቁጣዋ የባሰ ነበር። ያቺ ሴት የምትቀመጠው በስተግራ በኩል ይሁን በስተቀኝ፣ ጭምቷ ማሰብ ጀመረችና ተወችው።

ጋሽ ቀስታ ተመልሰው ሲመጡ የሱሪያቸው ጉልበት አቧራ ይዞ ነበር። አውቶቡሱ ሥር ገብተዋል።

« ፍሬኑ ምንም አልሆነም » አሉ።

« ብሎን እያየው ነው። »

« እኔም አየሁት። ብሎን ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ቀልቷል። » ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። « ማን ነው ያዘዘው? »

ሥራ አስኪያጁ ናቸው ለማለት አንድ ትንፋሽ ቀርቷት ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ መጥቶ ቆሞ እያለ፣ ከኋላቸው ሁለት ሹፌሮችና ዘበኛው ጆሯቸውን ቀስረው መቆማቸውን አየች። ተነሣች። መስኮቱን ዘጋች፣ ዞራ በሩን ከፈተችላቸው፣ « ይግቡ ጋሼ » አለች፤ ከገቡ በኋላ በሩን መልሳ ዘጋችው። የምትናገረው ነገር ካለ ሌላ ሰው ሳይሰማው ይሁን። ተግሣጽ ሌላ፣ ማዋረድ ሌላ።

« እኔ ነኝ ያዘዝኩት » አለች።

« ለምን? »

« ጋሼ፣ ግራዎን አያዩም። »

በዝግታ ልትለው ያሰበችው ነገር ጮኽ ብሎ ወጣ። በስስ ግድግዳው ማዶ ትኬት ቆራጯ የምትመታው ማሽን ጸጥ አለ።

ሽማግሌው ሳቁ። ደስ የማይል፣ ከአንገት በላይ የሆነ ሳቅ ነው። « ሐኪም ሆነሻል በይኛ። »

« አልሆንኩም። »

« የዓይን ወረቀት አለኝ። ከሦስት ወር በፊት የተሰጠ። ሂጂና ከማኅደሬ አውጥተሽ እይው። »

« አይቼዋለሁ። »

« ታዲያ? »

እጇን በግራቸው በኩል ዘርግታ ስንት ጣት እንደሆነ ልትጠይቃቸው ትችል ነበር። በአንድ ደቂቃ ያልቃል። አልሞከረችውም። እኚህን ሰው እንደ ተማሪ ቤት ሕፃን ጣት ማስቆጠር እጇ እንቢ አላት።

« ታዲያማ፣ እስክሪብቶውን በግራዎ በኩል ይዤልዎት አላዩትም » አለች።

አንድ ነገር በፊታቸው ላይ አለፈ። ከዚያ ፊታቸው ጠነከረ።

« የሰው ጉድለት መሸፈን የፍቅር መንገድ ነው ብዬ አስተምሬሽ ነበር። »

« አስተምረውኛል። »

« አፍን መጠበቅ ነፍስን መጠበቅ እንደሆነም ነግሬሽ ነበር። »

« ነግረውኛል ጋሼ። የዛሬውንም ምዕራፍ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። »

ቀኑ ስንት እንደሆነ አልጠየቁም። በልባቸው ሲቆጥሩ አየቻቸው፤ ቆጥረው ሲደርሱበትም አየች። ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አነሡና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ተመለከቱ።

« አንድ ዓመት ከአራት ወር ነው የቀረኝ » አሉ። « አንድ ዓመት ከአራት ወር። ከዚያ መሪውን ራሴ አስረክባለሁ። ረዳቱ አለ፣ እኔ መንገዱን እንደ ቤቴ አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ልለምንሽ መጥቼ አውቃለሁ? »

« አያውቁም። »

« ፈርሚልኝ። »

ሲነጋጋ ያነበበችው ቃል በዚያች ሰዓት ምንም አልረዳትም። የወዳጅ ቁስል የታመነ ነው የሚለው ለሚያነብ ሰው ነው እንጂ ለሚያቆስለው እጅ ምን ስሜት እንደሚሰጥ አይናገርም።

« አልፈርምም » አለች። « ይቅር ይበሉኝ። አልፈርምም። »

ጋሽ ቀስታ ወረቀቱን አንሥተው ወጡ። ወዴት እንደሚሄዱ ስለምታውቅ ተከተለቻቸው።

ሥራ አስኪያጁ ስልክ ላይ ነበሩ። የዘገየው አውቶቡስ ጉዳይ ወደ እሳቸው ደርሷል። ስልኩን ሲዘጉ አስቀድመው ያዩት እሷን ነው።

« ጭምቷ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ? »

ነገረቻቸው። በአምስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰች፤ እስክሪብቶውን፣ ቅርጫቱን፣ ስፖኪዮውን፣ ረዳቱን፣ ኮሪደሩን። ጋሽ ቀስታ በሩ ላይ ቆመዋል። አላቋረጧትም። ሥራ አስኪያጁ ከመደርደሪያው ማኅደር አውጥተው ገለጡ።

« ይኸው፤ ሁለቱም ዓይን ጤነኛ ይላል። ማኅተም አለው። ወረቀቱ ያያሉ እያለ አንቺ አያዩም ትያለሽ። »

« ወረቀቱ አይነዳም » አለች።

ሥራ አስኪያጁ ቀና ብለው አዩዋት። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህች ሴት መልስ ስትመልስላቸው የመጀመሪያዋ ነበር።

« ሰው ሁሉ እየተቆጣ ነው። ፈርሚና ይውጡ፤ ነገ ለምርመራ እንልካቸዋለን። »

« እርስዎ ይፈርሙ » አለችና ከጋሽ ቀስታ እጅ ወረቀቱን በእርጋታ ተቀብላ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችው። « በእኔ ፈንታ ብለው መፈረም ይችላሉ። ቦታው እዚህ ጋ ነው። »

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቷቸውን አነሡ። ወረቀቱን አዩ። ከዚያ በሩ ላይ የቆሙትን ሽማግሌ፣ ከእግር እስከ ራሳቸው፣ ቀስ ብለው አዩ፤ አቧራ የያዘውን ጉልበት፣ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ማለት የለመደውን አንገት። እስክሪብቶው ከወረቀቱ በላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተቀመጠ።

« ተጠባባቂው የት ደርሷል? » አሉ።

ጋሽ ቀስታ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ከማኅደሩ ጎን አኖሩት። ለማንም ምንም ሳይሉ፣ የኮሪደሩን የቀኝ ግድግዳ ይዘው ሄዱ።

አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ረዳቱ ወደ መስኮቷ መጣ፤ የሁለት ልጆች አባት የሆነ፣ ቀጠን ያለ ሰው ነው። ትኬቶቹን ደርድሮ መልሶ ደረደራቸው።

« ዛሬ የድሮ ቦታዬ፣ በሩ ጋ ነው የምቆመው » አለ በመጨረሻ። ሌላ ሳይናገር ሄደ።

ቀሪው ቀን የሥራ ቀን ነበር። አውቶቡሶች ገቡ፣ ወጡ። ሹፌሮቹ ወረቀታቸውን ያለ ሰላምታ ይቀበላሉ። አንዱ ዞር ብሎ፣ እንድትሰማው አድርጎ፣ « ያሳደገን እጅ መንከስ መቼም ቀላል ነው » አለ። ብሎን ብቻ ከጋራዡ መጥቶ መስኮቷ ላይ ሁለት ብርቱካን አስቀመጠላትና ቀይ ጆሮውን እያሻሸ ተመለሰ። ለተናገራት ሹፌር መልስ መስጠት አልፈለገችም። ይህኛው ዝምታ ግን እንደ ድሮው አላሞቃትም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ለተረኛዋ አስረክባ ወደ ጋሽ ቀስታ ቤት ሄደች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሦስት ጊዜ አንኳኳች። በሩ ሲከፈት በጥያቄ ዓይን አላዩዋትም፤ እንደምትመጣ ያውቁ ነበር።

« ልትወቅሺኝ ከሆነ የጠዋቱ ይበቃኛል። »

« ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። »

« ተቀመጪ እንግዲህ። »

ሚስታቸው ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ቤቱን ብቻቸውን ነው የያዙት፤ በንጽሕናውም ይታወቃሉ። ጭምቷ ወንበር ስባ ስትቀመጥ የምግብ ጠረጴዛውን አየች። ብርጭቆው፣ ሬዲዮኑ፣ መነጽሩ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸው፣ ሁሉም በአንድ ወገን ተደርድረዋል። ያኛው ግማሽ ባዶ ነው፤ በቀጭን አቧራ ተሸፍኗል። አቧራው የሚያልቅበት መስመር፣ ክንድ የሚደርስበትን ሳይሆን ዓይን የሚደርስበትን የሚያሳይ፣ ቀጥ ብሎ ጠረጴዛውን ለሁለት ይከፍለዋል። ቶሎ ብላ ወደ ሌላ አየች።

ከታች መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ድምፅ ሲመጣ ጆሯቸው ይከተለዋል።

« ያቺ የሲሚንቶ ድልድይ አለች አይደል? » አሉ ድንገት። « ከኩርባው ወዲያ። ከሦስት ሳምንት በፊት እዚያ አንዲት ልጅ፣ ብስክሌት ላይ፣ ከግራ ገባች። እኔ የማውቀው የለም። ረዳቱ ጮኾ መሪውን ነጠቀኝ። ሳያት በቀኝ በኩል ነበረች፤ አልፋናለች። ምን እንደሆነም አላወቀች። እያፏጨች ሄደች። » እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጠፉ። « ከዚያ ወዲህ እዚያ ድልድይ ስደርስ መዳፌ ያልበኛል። እኔ፣ በሠላሳ አራት ዓመት፣ መሪ ላይ አልቦኝ አያውቅም። »

ከሦስት ሳምንት በፊት። ጭምቷ በልቧ ወደ ኋላ ቆጠረች።

« ለምን አልነገሩኝም? »

« አንቺስ? » አሉ። ወደ እሷ ለማየት መላ ሰውነታቸውን አዞሩ። « መቼ ነው ያወቅሽው? ዛሬ ጠዋት በእስክሪብቶው ነው? »

አዎ ብትል ያምኗታል። ማንም አይጠይቃትም።

« አይደለም » አለች። « ሁለት ወር ሆኖኛል። »

« ሁለት ወር። »

« አዎ። »

« በየቀኑ ትፈርሚ ነበር። »

« እፈርም ነበር። »

« የድልድዩም ቀን። »

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። የዚያን ዕለቱ ወረቀት አሁንም በፋይሉ ውስጥ አለ፤ ሁለት ፊርማ አለበት።

ጋሽ ቀስታ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ጠዋት የነበረው ቁጣ ከፊታቸው ጠፍቷል፤ በምትኩ የመጣው ግን ይቅርታ አልነበረም። ድሮ ልጅ ሳለች የተሳሳተችውን ሲያርሟት የሚያደርጉት ፊት ነበር፤ ጥርት ያለ፣ የማይለሳለስ።

« እኔ ዓይኔ ነው የከዳኝ » አሉ። « አንቺ እያየሽ ነው። »

« ልክ ነው ጋሼ። »

« ይህን ሌላ ሰው አይነግርሽም፤ ስለዚህ እኔ ልንገርሽ። ጭምት ነሽ ይሉሻል። ጭምትነት መስሎሽ የፈራሽበት ቀን ብዙ ነው። እኔም አውቀው ነበር፤ ቅር እንዳይልሽ ብዬ ተውኩት። » ወደ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ዞሩ። « የዛሬውን ምዕራፍ ሁለታችንም አላነበብነውም ማለት ነው። »

ቃሉ ወደ ውስጥ ገባ። እንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም፣ እሳቸውም አላባበሏትም። ግን ያመማት ቦታ እንግዳ አልነበረም፤ ሲያምም የቆየ ነገር የተነካ ያህል።

« የዓይን ሕክምናው እስከ አሥራ አንድ ክፍት ነው » አለች፣ ድምፅዋ ሲመለስላት።

« ዛሬ? »

« ዛሬ። »

« ሄጄ አያለሁ ብዬ አይደለም እንጂ » አሉና ሳይጨርሱት ተነሡ። ኮታቸውን ከመስቀያው ሲያወርዱ እጅጌው ጠፋባቸው፤ እሷ አልተነሣችም። አገኙት።

መንገድ ላይ ክንዷን አልያዙም። እሷም አልሰጠቻቸውም። ከቤት እንደወጡ ሳትናገር ዞራ በግራቸው በኩል ሆነችና በዚያው ሄዱ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው በተጨናነቀበት ቦታ፣ « ደረጃ አለ » አለቻቸው፤ « አየሁት » አሉ። አይተውት ይሁን አይሁን አላወቀችም።

የዓይን ሕክምናው ትንሽ ክፍል ነበር። የምትመረምረው ወጣት ባለሙያ ነጭ ጋዎኗን እየቆለፈች አስገባቻቸው። ጭምቷ ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ የጋሽ ቀስታ ጫማና የወንበሩ እግር ይታያታል።

« አባባ፣ ግራ ዓይንዎን በእጅዎ ይሸፍኑልኝ። ከላይ ጀምረው ያንብቡ። »

በቀኝ ዓይናቸው ማንበብ ጀመሩ። ቀስ እያሉ፣ ፊደል በፊደል፣ አንዳንዱ ላይ እየቆሙ። በአራተኛው መስመር ሁለት ፊደል ሳቱ፤ በአምስተኛው « እዚህ ላይ ይደባለቅብኛል » አሉ። ባለሙያዋ « ጥሩ ነው፣ ምንም አይደል » እያለች ጻፈች።

« አሁን ቀኙን ይሸፍኑ። በግራው። »

ከዚያ ድምፃቸው መጣ፤ የመጀመሪያው መስመር፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ሳያቆሙ፣ ሳይንተባተቡ፣ እስከ ታችኛዋ ትንሿ መስመር ድረስ። አንድም አልሳቱም።

ጭምቷ አግዳሚው ላይ ቀና አለች። ተሳስታለች። ሃምሳ ሰው አስጠብቃ፣ በሥራ አስኪያጁ ፊት፣ ያሳደጓትን ሰው ዕውር ብላ ከመሪያቸው አውርዳለች፤ ዓይናቸው ደግሞ ከእሷ ይልቅ ያያል። ነገ ጠዋት መስኮቷ ላይ እንዴት እንደምትቀመጥ አሰበች። ልትገባ ተነሣች፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

« ውይ አባባ፣ ይሄኛውማ ከወጣት ይበልጣል » አለች ባለሙያዋ እየሣቀች። እስክሪብቶዋ ወረቀት ላይ ሲሄድ ይሰማል። « እንግዲህ ጨርሰናል። »

የጋሽ ቀስታ ጫማ አልተንቀሳቀሰም።

« ቆይ ልጄ » አሉ። ድምፃቸው ተራ ነበር፤ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው። « ያን አትጻፊው። እሱን በቃሌ ይዤው ነው፤ የባለፈውንም ወረቀት ያገኘሁት እንዲሁ ነው። ሌላ ሰንጠረዥ ካለሽ አምጪ። »

እስክሪብቶው ቆመ። ከዚያ መሳቢያ ሲሳብ ተሰማ።